ወይዘሮ ኔልዳ ያልመቱት ማኅተም

እኅቴ ወይዘሮ ኔልዳ ፒርሶል ከአባታችን ከኦርሰን ሃስላምና ከእናታችን ከቬልማ እ.ኤ.አ. በ1934 በምሥራቅ ዩታ፣ ከቨርናል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የከብት እርባታችን ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው፣ ከአቶ ዴልማር ፒርሶል ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ካፈሩ በኋላ፣ የመንግሥትን መሬት በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥረው፣ በትጋታቸው የውል መርማሪ እስከ መሆን ደርሰው ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 አዲስ ሕግ ወጥቶ፣ በመንግሥት መሬት ላይ የነዳጅና የጋዝ ሊዝ የያዘ ሰው ሬንጅ ያዘለውን አሸዋም ማውጣት እንዲችል ውሉን እንዲቀይር ሲፈቀድለት፣ ማመልከቻውን ከሥራ ዕቅዱ ጋር በሁለት ዓመት ውስጥ ያላስገባ ግን መብቱ እንደሚያልፍበት ሲደነገግ፣ ደንቡን ለአገሬው እያስረዱ የደከሙት እሳቸው ነበሩ። ለታናሽ ወንድማቸው፣ እንዲህ ያለ ሊዝ ለነበረኝና ይህን ለማነብላችሁ ለእኔ ለአርቨልም፣ ሦስት ጊዜ ደውለው አስታውሰዋል።

እኔ ማመልከቻዬንና ዕቅዱን ይዤ ቢሯቸው የደረስሁት የመጨረሻው ቀን ባለፈ ማግሥት ጠዋት ነው።

«ኔልዳ፣ የትናንቱን ቀን ማኅተም ምቺልኝ፤ ማን ያየዋል?» አልኋቸው።

«እኔው አየዋለሁ፣ አርቨል» አሉኝ።

የዕለቱን ቀን መቱበት፤ ወንድማቸው በመሆኔም መዝገቡን ለሌላ መርማሪ አስረከቡ። ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ፤ ሊዙም ዘመኑ ሲያበቃ ከእጄ ወጣ። እኔም ዐሥራ ሦስት ዓመት አኮረፍኋቸው፤ ባለቤታቸውን ሲቀብሩ እንኳ ከመቃብሩ አጥር ውጭ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ተመለስሁ።

በጊዜው የገቡት የጎረቤቶቼ ማመልከቻዎችም ቢሆኑ ውሳኔ ሳያገኙ መደርደሪያ ላይ ቀሩ፤ እሳቸውም ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ ለጠየቃቸው ሁሉ «ገና ነው» ሲሉ ኖሩ። ከሥራው ይልቅ ይህ መልስ እንዳደከማቸው ልጃቸው ነግራኛለች።

ሳንባቸው ታሞ መኪና መንዳት ሲያቅታቸው ስልክ ደወሉልኝ። «አርቨል፣ ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ፤ ሄድሁ። ሁለት ዓመት አብረን ስንመላለስ ስለዚያ ማኅተም አንዲት ቃል አልተነፈስንም፤ መናገር የነበረብኝ እኔ እንደ ሆንሁ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ለቀጠሯቸው መኪናዬን እያሞቅሁ ሳለ፣ በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸውን ሼሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

እኔን ግን፣ ኔልዳ፣ ይቅር በይኝ።