ከበዓል ውጭ የማይነደው ምድጃ

አባባ ቶንግ በመሬት አምላክ ቤተ መቅደስ ጥግ ተቀምጠው የቀዘቀዘ የሩዝ ገንፎ ሲበሉ፣ ዝናብ ያባረራት ሴት በሩ ላይ ደረሰች። የሟቿ ጎረቤታቸው ልጅ ሩዩን ናት። ከተማ ተምራ ነርስ ሆናለች፤ የመጣችው የእናቷን መቃብር ልታጸዳ ነው።

«ግቢ እንጂ ልጄ! አምላካችን እንግዳ ካየ ቆይቷል።»

«ምነው አባባ፣ ምድጃ እያለ ቀዝቃዛ ይበላሉ?»

«የአምላኩ ምድጃ ከበዓል ቀን ውጭ አይነድም። ቤቴ ሄጄ እንዳላሞቅ ደግሞ፣ ለአንድ አፍ ማን እሳት ያነድዳል?»

ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ከተማ ከጎረፈ ወዲህ በመንደሩ የቀሩት አረጋውያን ብቻ ናቸው። በበዓል ቀን የአምላኩን ምስል ተሸክሞ በማሳው ዙሪያ የሚዞር ጉልበት ስለጠፋ፣ በዓሉም ጭር ብሎ ያልፋል።

«እንዳይቆጡኝ እንጂ፣» አለች ሩዩን፣ «ምድጃውን በየቀኑ አንድዳችሁ አብራችሁ ብትበሉስ?»

«ከተማ ያስተማሩሽ ይሄን ነው? ቤተ መቅደሱን ምግብ ቤት ማድረግ? አምላኩ ተቆጥቶ ሩዙን ዋግ ቢመታውስ!»

«የትኛውን ሩዝ? ማሳውን እኮ አረም ውጦታል።»

አባባ ቶንግ ወደ ገንፏቸው ተመለሱ። ሩዩን ግን አልተወቻቸውም።

«ለአምላኩ የሚቀርበውን ዶሮ መጨረሻ ላይ ማን ነበር የሚበላው?»

«እኛው ነና! መዓዛው ለእሱ፣ ሥጋው ለእኛ።»

«ታዲያ አባቶቻችሁ ምድጃውን የሠሩት ሰው እንዲሰበሰብበት አይደል? እናቴ ቤቷ ውስጥ ወድቃ ስትሞት የታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። አብራችሁ ትበሉ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ‹የት ቀረች?› ትሉ ነበር።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አሉ በቁጣ።

«ከተማ።» አንገቷን ደፋች። «ለዚህ እኮ ነው የምለምንዎት።»

ቁጣቸው በረደ። «ጠዋት ጠዋት አምላኩን ጮክ ብዬ አናግረዋለሁ። ለጸሎት እንዳይመስልሽ። ድምፄን እንዳልረሳው ነው።»

«እሱም ከእርስዎ ሌላ የሚያናግረው የለውም፣ አባባ።»

አባባ ቶንግ ምስሉን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ተነስተው የምድጃውን አሮጌ አመድ ይዝቁ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ አረጋውያኑ በየቀኑ በቤተ መቅደሱ አብረው ይበላሉ። ትኩስ ምግብ አገኙ፤ የታመመው ይጠየቃል፤ የቀረ እንደሆነ በሩ ይንኳኳል። አምላኩም ቢሆን ሳህኑ በየቀኑ ቀድሞ ይቀርብለታል እንጂ ምንም አልጎደለበትም። ማሳው ግን አሁንም ጠፍ ነው፤ የሄዱትም አልተመለሱም።

አንድ ቀን፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ፋብሪካ የሄደው ልጃቸው ከከተማ ስልክ ደወለላቸው። በዓመት አንዴ ነው የሚደውለው። አባባ ቶንግ በአንድ እጃቸው ጭልፋ ይዘው፣ «ልጄ፣ ኋላ ደውል። ሰዎች እየጠበቁኝ ነው» አሉት።