የተረጋጋ ሰው የልብ ምት

ከያዮ ወደ መቱ በሚሄደው ላንድሮቨር ከኋላዬ የተቀመጡት አንድ ወጣት መምህርና አንዲት ጠና ያሉ እናት ነበሩ። አይተዋወቁም። ወሬውን የጀመረው እሱ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን ልያዘው?»

«እጄን? ምን ልታደርገው ነው ልጄ?»

«ነገ መቱ ላይ ተማሪዎቼ ጠቅላይ ገዢው ፊት ይዘምራሉ። የመዝሙሩን ፍጥነት የምለካበት መሣሪያ ተሰበረብኝ። ያለ እሱ ደግሞ እያፈጠንኩባቸው ልጆቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።»

«ታዲያ የእኔ እጅ ምን ይረዳሃል?»

«የመዝሙሩ ልክ የተረጋጋ ሰው የልብ ምት ነው። የራሴን ብይዘው ከፍርሃት የተነሣ ይጋልባል።»

«በል እንካ፣ ያዘው።»

«አንድ፣ ሁለት» እያለ ሲቆጥር ሰማሁት።

«እትዬ! የእርስዎማ ከእኔም ይብሳል። ምን ሆነው ነው?»

«ሴት ልጄ መቱ ሐኪም ቤት ናት። ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት ብለው ላኩብኝ። የመጀመሪያዋ ነው።»

«ውይ! ማርያም ትቅረባት።»

«አሜን። ልቀቀው በቃ፣ ላንተ የሚሆን አይደለም።»

«ግድ የለም፣ ልያዘው።»

«መዝሙሩስ?»

«መዝሙሩ ይቆይ።»

«አይቆይም። እስቲ ዘምረው፣ እኔም ልስማው።»

በለሆሳስ ጀመረ።

«ፈጠንክ» አሉት።

እንደገና ጀመረ።

«አሁንም ፈጠንክ። ሱታ፣ ልጄ፣ ቀስ በል። ሱታ።»

እኔ ከመቱ በፊት ሁሩሙ ወራጅ ነበርኩ፤ መኪናው እዚያ ሲቆም ግን መዝሙሩን እያዳመጥኩ አልተነሣሁም።