ለአንድ አምፖል የሚበቃ

ከአዳማ ወደ ደራ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን ሶላር ገጣሚ ወጣት አናገሩት።

«ልጄ፣ ትንሹ ሶላር ለቤቴ ይበቃኛል?»

«ምን ምን ያሠሩበታል፣ እማማ?»

«አንድ አምፖል ብቻ።»

«ቲቪ፣ ፍሪጅ የለም?»

«አልፈልግም። አምና ለባለቤቴ የኦክስጅን ማሽን የሚሆን ሶላር ጠይቀን ነበር። ብዙ ፓነልና ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል አሉን። ገንዘቡን እስክናጠራቅም አልቆየልኝም።»

«ነፍስ ይማር፣ እማማ። ማሽኑስ?»

«ለጤና ጣቢያው ሰጠሁት።»



«ለአንድ አምፖልማ ትንሹ ይበቃል። ራሴ መጥቼ እገጥምልዎታለሁ። የት ላድርገው?»

«ከአልጋው በላይ። መብራት በጠፋ ቁጥር አሁንም ትንፋሹን አዳምጣለሁ። አልጋው ባዶ መሆኑን በዓይኔ ልየው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።