የኮሪያዋ እማማ

«እናት ከሆንሽ በኋላ ደግሞ የምን ደብተር ነው?» አለችኝ አክስቴ፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ልጄን የወለድኩ ጊዜ። ደብተሮቼን ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ከዓመታት በኋላ የኮልፌ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ኮሪያ ሲጋበዙ እኔም አብሬ ሄድኩ። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት ወሰዱንና እንድንዘምር አንድ ክፍል አስገቡን። ሰሌዳው አጠገብ አንዲት ወጣት ቆማለች፤ ወንበሮቹ ላይ ፀጉራቸው የነጣ እናቶች ተቀምጠዋል። እኔም ለመምህሯ ያመጣነውን ነጠላ፣ በአገሬ ደንብ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ከፊት ለተቀመጡት፣ ከሁሉም በዕድሜ ለገፉት እማማ ሰጠሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ለካ መምህሯ ወጣቷ ናት፤ እማማ ተማሪ ናቸው!

እማማ ግን ነጠላውን አልመለሱም። ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በአስተርጓሚያችን በኩል «እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ አንቺስ?» አሉኝ።

«ስምንተኛ ላይ አቆምኩ። ወለድኩና...» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እኔ አምስት ወልጃለሁ! በአምስት ክፍል ትበልጪኛለሽ ማለት ነው። እየደረስኩብሽ ነው፤ እዚያው ቆመሽ እንዳላገኝሽ!»

ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ጥፋት በደበቅሁት ነገር እሳቸው «በልጠሽኛል» አሉኝ።

በተመለስን በሳምንቱ ልጄን እጇን ይዤ ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጄን አየት አድርጋ «ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ።

«የምመዘገበው እኔ ነኝ፤ የማታ፣ ስምንተኛ» አልኳትና ፎርሙን ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ።