ፀጉር አስተካካዩና የሰደባቸው ደንበኛ

ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ በእጁ ይዞ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ አባቱ ሙያውን ሲያስተምሩት ያስያዙት ደንብ ነው። አፉ የሚፈታው ስልክ ሲይዝ ነበር። የትምህርት ቢሮው መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበትን ክፍል ዘግቶ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል ሊያዛውር መሆኑን ሲሰማ፣ ልጁ የምትማረው እዚያ ነበርና፣ ሆዱ አሮ የዕቅድ ኃላፊውን «ደደብ! የደደብ ልጅ!» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለቀቀባቸው።

በማግስቱ አንድ ሽበታም ሰው ፂማቸውን ሊላጩ ጎራ አሉ። አንገታቸውን አረፋ ቀብቶ ምላጩን ሲያስጠጋ፣

«ደደቡ እኔ ነኝ» አሉት ረጋ ብለው። «ስገባ ነው በፌስቡክ ፎቶህ ያወቅሁህ።»

በድንጋጤ አፉን ያዘ፤ አረፋው ከንፈሩ ላይ ቀረ። «እያወቁኝ አንገትዎን ሰጡኝ ጋሼ?»

«ሙያህን አምኜ ነዋ! ግን እናቴ ምን አደረገችህ? ፊደል ሳትቆጥር እኔን ያስተማረች ሴት ናት።»

አንገቱን ደፋ። ቢሆንም አልተረታም፤ «ለስለስ አድርገን ብንጽፍማ ማን ዞር ብሎ ያየናል? የትናንቱን ስንት ሰው ተቀባበለው!»

«ተቀባበለው፤ ስለ ልጆቹ ግን ማን ጠየቀህ? እኔ ራሴ በስድቡ ተናድጄ ጽሑፉን ዘጋሁት። እስቲ አሁን ንገረኝ፣ ምንድነው ቅር ያሰኘህ?»

«ልጄ የምታወራው በእጇ ነው። መደበኛው ክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር የለም። የሰው አፍ ስታይ ልትውል ነው።»

ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩት። «ይኼን እኮ ማንም አልነገረን። ልክ እንደነገርከኝ ጻፈው። ስህተቴንም አትሸፋፍን፤ ብቻ ስድቡን ተወው።»

ተሰድቦ እንዲህ የሚናገር ሰው አይቶ አያውቅም። ስድቡን አጥፍቶ እንደተባለው ጻፈ። ሌሎች ወላጆችም በዚያው አንደበት የየልጆቻቸውን ችግር ጨመሩበት። ተሳዳቢን መዝጋት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋልና፣ ቢሮው ወላጆችንና ተማሪዎችን ስብሰባ ጠራ። ኃላፊውም የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እስኪቀጠሩ ድረስ ክፍሉ እንደማይዘጋ ተናገሩና፣ ፀጉር አስተካካዩ ጽሑፉን እንዲያነብ ጋበዙት።

እሱ ሲያነብ የክፍሉ መምህርት አጠገቡ ቆማ ቃሉን ሁሉ በእጇ ለልጆቹ ታስተላልፍ ነበር። ልጁ ዓይኗን አልነቀለችም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይዞ ቀርቦ ቢሆን እነዚያ እጆች ስድቡንም ይነግሯት እንደነበር ገባው።

አንብቦ ሲጨርስ ልጅቷ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ዞረችና በእጇ «አባቴ ነው» አለቻት።