በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በፍራንክፈርቱ ቦከንሃይም ሰፈር ሳልፍ ድንገት ዝናብ ያዘኝና አቶ ወንድይራድ ሱቅ ገባሁ። አቶ ወንድይራድ በርበሬና ምስር፣ ሻይና ቅባት የሚሸጡ፣ ከተማዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ በሚሰበሰበው ጉባኤያችንም የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዕለት ግን ፊታቸው ጠቁሯል። ጊንሃይም ሰፈር በሚገኝ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የመድኃኒት ባለሙያዋ ኑኃሚንም እንደኔ ዝናቡን ሸሽታ ገብታ ኖሯል፤ መደርደሪያው አጠገብ ቆማለች።

«መጣህ? ና እስቲ አንተ ፍረድ!» አሉኝ። «ትናንት ኮንትሮለ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ መጣብኝ። የሲቢዲ ዘይትህን ከመደርደሪያ አንሣ አሉኝ። ሀንፍ ከሚሉት የካናቢስ ተክል የተጨመቀ፣ ራስ እንኳ የማያዞር ዘይት! ምን አጠፋሁ?»

«ምን ጎደለው አሉዎት፣ ጋሼ?» አለች ኑኃሚን በትሕትና።

«ጽሑፍ! ውስጡ ምን ያህል እንዳለ፣ ማን እንደ ሠራው፣ የምርት ቁጥሩ፣ የምርመራ ውጤቱ። ደግሞ ለመጠጣት እንዲሸጥ አልተፈቀደም ይላሉ። ይህ አገር ያለ ወረቀት አይተነፍስም እኮ!»

ኑኃሚን ዘይቱ ከተሰበሰበበት ካርቶን አንድ ጠርሙስ አንሥታ አገላበጠችው። በተለጠፈው ቁራጭ ወረቀት ላይ በአቶ ወንድይራድ እጅ «ለጉልበት፣ ለእንቅልፍ፣ ለስኳር» የሚል ተጽፏል። ሌላ አንዳች የለበትም።

«ለስኳር እንደሚሆን ማን ነገረዎት?»

«ያመጣልኝ ሰው።»

«እሱስ ከማን ሰማ?»

አቶ ወንድይራድ ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብለው የራሳቸውን ጽሑፍ አነበቡ።

«ዘይቱ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ጋሼ። ከዚሁ ንጥረ ነገር ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒትም ይሠራል። እዚያ ግን መጠኑ ተለክቷል፤ ከምን ጋር መወሰድ እንደሌለበትም ተጽፏል። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን እርስዎም አያውቁት፣ እኔም አላውቀው። ራስ የሚያዞረው ነገር ተቀላቅሎበት ቢሆንስ? ጠጥቶ መኪና የነዳ ሰው መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።»

«እኔ ሕዝቤን ልጎዳ አስቤ አውቃለሁ?»

«በፍጹም። ባላከብርዎት ኖሮ አልናገርም ነበር። ለመሆኑ ከገዢዎችዎ መካከል ሌላ መድኃኒት የሚወስድ አለ?»

«እኔ ሻጭ ነኝ፤ የሰው ገመና አልጠይቅም። የጉባኤያችን ተዋበች ለጉልበቷ ትወስዳለች። ተሻለኝ ብላ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝታለች!»

«እስቲ አሁን ይደውሉላቸው።»

ክርክሩን ለመርታት ብለው ይመስለኛል፣ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«ጉልበቴስ ደህና ነው፣ ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «ብቻ ሰሞኑን ድዴ ይደማል። ክንዴም ሳልመታ ይበልዛል። እርጅና ነው መቼም።»

ኑኃሚን ስልኩን ተቀበለች። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ለልቤ ነዋ፤ ደም የሚያቀጥን ኪኒን። ዓመታት ሆነኝ።»

የኑኃሚን ፊት ተለወጠ፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም። ዘይቱን እንዲተዉ፣ ስለ ኪኒኑ ሐኪም እንደሚወስን፣ አሁኑኑ መጥተን ሆስፒታል እንደምንወስዳቸው ነገረቻቸው። አቶ ወንድይራድ ሱቁን ቆለፉ።

እኔ በሙያዬ አስተርጓሚ ነኝና ሆስፒታል የመረመረቻቸው ሐኪም ያለችውን ለወይዘሮ ተዋበች የነገርኋቸው እኔ ነበርሁ። ዘይቱ ጉበታቸው ኪኒኑን እንዳያስወግድ ስላገደው መድኃኒቱ ሰውነታቸው ውስጥ ተከማችቷል፤ ደማቸው ከልክ በላይ ቀጥኗል። ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ወይም ቢወድቁ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሊደማ ይችል ነበር። ሐኪሟ ይዘን የሄድነውን ጠርሙስ ወደ አቶ ወንድይራድ ዘርግታ «መጠኑ ስንት ነው?» አለቻቸው። እኒያ ኩሩ ሰው እንደዚያ አንገታቸውን ሲደፉ አይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ተዋበች በአራተኛው ቀን ድነው ወጡ። በተከታዩ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ አቶ ወንድይራድ ፈቃድ ጠይቀው ወደ ፊት ወጡ።

«ዘይት ሸጬላችኋለሁ» አሉ። «ለማን ለማን እንደ ሸጥሁ ሁሉንም አላስታውስም። የምርት ቁጥር ቢኖረው አንዲት ማስታወቂያ ለጥፌ ሁላችሁንም ባገኘኋችሁ ነበር። መጠኑ ቢጻፍ ሐኪሟ ወዲያው ባወቀች። ከደም ማቅጠኛ ጋር አይወሰድም የምትል አንዲት መስመር ብትኖር እኅታችን ተዋበች ባልተጎዳች። መንግሥት ይህን ሲጠይቀኝ የናቀኝ መሰለኝ፤ ለካ የሚያስበው ለእናንተ ኖሯል። ከእንግዲህ የማላውቀውን አልሸጥም። እናንተም ጽሑፍ የሌለበትን አትግዙ፤ ጀርመንኛው ካስቸገራችሁ ባለሙያ ጠይቁ፤ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የእኔ ዘይት በእጃችሁ ካለ እባካችሁ መልሱልኝ።»

እውቀቷን ማንንም ሳታሳፍር የምታካፍል ወጣት እጅግ ታስደንቃለች፤ ስሕተቱን በጉባኤ ፊት የሚናገር ሽማግሌ ግን እኔ ከዚያ ቀን በፊት አላየሁም።

አንዲት እናት ተነሥተው ከቦርሳቸው ጠርሙስ አወጡ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ኣብራሃ ተከተላቸው። ስድስት ጠርሙስ የመዝሙር መጻሕፍቱ አጠገብ ተደረደረ። ሰባተኛውን፣ ግማሹ ያለቀውን፣ ፓስተራችን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አኖሩት።