ግራጫው ቀለምና የጠራጊዋ ሥዕል

ልጅቷ ትምህርት ቤት ረፍዶባት ስትበር መታጠፊያው ጋ ክው ብላ ቀረች። በፈጣሪ! ሰዎቹ የሉም! ግድግዳውማ አለ፤ አምና ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ ሥዕላቸውን ያሳለላቸው አስተማሪው፣ አዋላጇ፣ ጫማ ሰፊው ግን ግራጫ ቀለም ውጧቸዋል። የቀረችው አያቷ ብቻ ነች፤ ያን መንገድ ሠላሳ ዓመት የጠረገችው፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች። ፊቷ ቆሞ ሮለሩን ቀለም ውስጥ የሚነክረው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎቷ! የአያትየው የገዛ ልጅ!

«አጎቴ! አብደሃል እንዴ?»

«መጀመሪያ እንዴት አደርክ ይባላል» አለ ቀለም ቀቢው። «የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ለሰልፉ ባንዲራ ይሳልበታል። አገርሽን አትወጂም?»

«እወዳለሁ! ግን እናትህን አጥፍተህ?»

«ሥዕል እኮ ነው የኔ እመቤት። እሷ እንደሆነች ቤቷ ቁጭ ብላለች።»

«እስቲ የትእዛዙን ደብዳቤ አሳየኝ!»

የተጨማደደ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ልጅቷ አንብባ እንደገና ክው አለች።

«‹የተላላጡ ሥዕሎች ይነሱ› ነው እኮ የሚለው! አያቴ ምኗ ተላጠ?»

አጎቷ ግድግዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ሃያ ዓመት በቀለም የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ስንጥቅ አጣ።

«ያ ሁሉ ዝናብ እያለ እንዴት ሳይላጥ ቀረ?»

«ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ የራሱን ሥዕል ይወለውላላ! ድሮ እኮ እዚህ በአፍንጫ አይታለፍም ነበር። አሁን ማን ይሸናል? አስተማሪህ እያየህ ትሸናለህ?»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ሙሉውን መቀባት ይቀላል ብዬ... ወይኔ! ፊደል ያስቆጠረኝን ሰውዬ በገዛ እጄ!»

«አገር ማለት እኮ እነሱም ናቸው አጎቴ። ባንዲራው ከላይ ባዶው ላይ ይውጣ፣ እነሱ ከሥሩ ይቁሙ።»

«አለቃዬስ?»

«ደብዳቤውን አስነብበው። አንብቦት አያውቅም፣ ሙት!»

«ቆይ... የነሱ ዘይት ቀለም ነው፤ የኔው የውሃ ነው፣ ገና አልደረቀም። ይለቃል! ጨርቅ አምጪ!»

አለቃው ሲመጣ አስተማሪው እስከ አገጩ ወጥቶ ነበር። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባንዲራው... ከላይ ይሁን» አለ።

የሰልፉ ቀን ሰው ቀና ብሎ ባንዲራውን፣ ዝቅ ብሎ ጎረቤቱን ሰላም እያለ አለፈ። ጥጉም እንደጸዳ ቀረ፤ የአለቃው ቢሮም ከዚያ ወዲህ ሥዕል ከማጥፋቱ በፊት ሰፈሩን ይጠይቃል።

አያትየው ግን ሥዕሏን አፍጥጣ አየች።

«ጫማዬ ላይ ግራጫ ያንጠባጠበው ማነው?»

ቀለም ቀቢው ጨርቁን ይዞ በሰልፈኛው መሃል ተንበረከከ።